ማንም ሳይነካው የተከፈተው ማኅተም

ጡረታ የወጣሁ ሰሞን በእንቅልፌ የማየው ወረቀት ብቻ ነበር። ነጭ ወረቀት ከጥቅሉ እየተፈታ በምኖርበት ሰፈር በቤሪያ ፎቆች መካከል እንደ ወንዝ ይፈስሳል። ከአንዱ በረንዳ ወደ ሌላው ይሻገራል፣ አይበጠስም። የሚያዞረው ማሽን የለም፣ የሚቆጣጠረው ሰው የለም። ስነቃ አልጋ ልብሱን በመዳፌ እየዳሰስኩ እገኛለሁ። ጎረቤቴ «የድካም ሕልም ነው፣ ያልፋል» አለችኝ። ለእኔ ግን ሊሰናበተኝ የመጣ ነው የመሰለኝ። እኔም በበኩሌ ልሰናበተው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

አስቴር እባላለሁ። የተወለድኩት ዱራሜ አጠገብ ነው። ወደ ጆሃንስበርግ የመጣሁት ባለቤቴን ተከትዬ ሲሆን፣ ዛንድስፕሩት በሚባል የከተማው ዳር የድሆች ሰፈር ውስጥ በቆርቆሮ የተሠራች ስፓዛ ሱቅ ነበረችን። ዳቦ፣ ዘይት፣ ሳሙና፣ የስልክ ካርድ እንሸጣለን፤ ከመደርደሪያው ጀርባ እንተኛለን፤ ሰፈርተኛው ባዕድ ባለሱቅን ሁሉ እንደሚጠራው «ማይፍሬንድ» ይለናል። ያቺ ቤት ክረምት ላይ ሲነጋጋ በረዶ ናት፤ ከቀትር በኋላ ደግሞ ምጣድ። ባለቤቴ ታሞ ሲሞት ሱቁን ብቻዬን መያዝ አልቻልኩም። ለታናሽ ወንድሙ ለማርቆስ ትቼለት ቤሪያ አንድ ክፍል ተከራየሁና ሥራ ፍለጋ ወጣሁ። ከጀፕስታውን ጀርባ፣ የባቡሩን ሐዲድ ተሻግሮ ካለ አንድ የመለጠፊያ ወረቀት ፋብሪካ ሴት ሠራተኛ ይፈልጋሉ ሲባል ሰማሁ። በማግስቱ ገባሁ፤ የወጣሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው።

መጀመሪያ የተሰጠኝ ሥራ ትርፍራፊ መሰብሰብ ነበር። ለማያውቅ ሰው ልንገር። መለጠፊያ ወረቀት ሦስት ንብርብር አለው። ላይኛው የሚታተምበት ነው፤ መካከለኛው ሙጫ፤ የታችኛው ሙጫው እንዳይዝበት ሰም መሳይ ነገር የተቀባ ማረፊያ ወረቀት ነው። ማሽኑ ካተመ በኋላ በክብ ቢላዋ ዙሪያውን ይቆርጥና በመለጠፊያዎቹ መካከል ያለው ትርፍ ወረቀት አንድ ላይ ተያይዞ ይነሳል። እሱን ነው የምሰበስበው። ቀዳዳ ቀዳዳ ሆኖ ሲነሳ የሀገር ቤት ጥልፍ ይመስላል። በመስኮቱ የጧት ፀሐይ ሲገባ በዚያ ሁሉ ቀዳዳ ብርሃኑ እየተንጠባጠበ ወለሉ ላይ ይወርድ ነበር። እኔ ቆሜ ሳየው ጥቅሉ ይሞላብኛል፣ ይጮሁብኛል።

ከጮኹብኝ ሰዎች መካከል አንዱ የወረቀቱ ጥራት መርማሪ አንክል ራሺድ ነው። ትውልዱ ሕንድ ነው፤ ቤቱ ሌኔዢያ። ወጣት አዛውንት ሁሉ «አንክል» ይለዋል፤ እኔም እንደዚያው ጠራሁት። አንቱታዬ ግን አልተወኝም፤ በእንግሊዝኛም ሳናግረው በልቤ አንቱ እለው ነበርና እዚህም እንደዚያው እጽፈዋለሁ።

«ምን ታያለሽ?» አሉኝ አንድ ቀን።

«ብርሃኑን።»

ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ አጠገቤ መጥተው ቆሙና አብረውኝ አዩ። ከዚያ ማረፊያ ወረቀቱን ቆረጥ አድርገው ወደ መስኮቱ አነሡት። «እዚህ ጋ ይታይሻል? ቢላዋው ጭረት ትቷል። ቢላዋ ማረፊያውን ሊዳስሰው ነው እንጂ ሊነክሰው አይደለም። ብርሃን ማየት ከወደድሽ እንዲህ ያለውን እይልኝ።» ከዚያ ቀን ጀምሮ ትርፍራፊ መሰብሰብ ቀረልኝ፤ መርማሪ ሆንኩ።

አንክል ራሺድ ወረቀት የሚመረምሩት በጆሯቸው ነበር። መነጽራቸውን አውልቀው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ መለጠፊያውን ጆሯቸው ሥር ይልጡታል። «ሙጫ ይናገራል» ይላሉ። እኩል የተቀባ ሙጫ ሲላጥ ልክ ጥሩ ልብስ እንደሚተረተር ያለ አንድ ወጥ ድምፅ አለው። እየቆራረጠ ከጮኸ ቅቡ አልተስተካከለም። ጭራሽ ዝም ካለ ግን ያስፈራል። «ዝም ብሎ የሚላጥ ማኅተም ለሌባ ይመቻል» ይሉ ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ሁላችንም ግቢ ፀሐይ ስንሞቅ እሳቸው በአንድ እጃቸው ሳሞሳ፣ በሌላው ቁራጭ ወረቀት ይዘው ከጆሯቸው ጋር ሲነጋገሩ ላየ ሰው የለየላቸው ይመስሉ ነበር።

ብዙ ዓመት እንዲህ ሄደ። አሠሪዎች ተለዋወጡ። የመጀመሪያው ሽማግሌ ባለቤት ሞተና ፋብሪካውን አማቹ ተረከበ። ደመወዝ ከቤት ኪራይ ጋር ሲሯሯጥ ኖረ። ሥራው ግን እያማረ ሄደ። ለአንድ ኮሌጅ የምስክር ወረቀት ያተምንበትን ጊዜ አልረሳም። ስም በፈሳሽ አጥፍቶ ሌላ ስም መጻፍ የፈለገ ሰው እንዳይችል ተብሎ የተሠራ ወረቀት ነው። አንክል ራሺድ የልብስ ማንጫ ጠብ አደረጉበትና «አሁን ተመልከቺ» አሉኝ። ወረቀቱ ቀስ እያለ ቡናማ ሆነ፤ ቁስል ይመስል እየሰፋ ሄደ። «ይደማል» አሉ። ያን ዕለት የራሴን የጥገኝነት ወረቀት ከቦርሳዬ አውጥቼ ሳየው ቆየሁ። ተራ ወረቀት ነበር። ከመታጠፉ ብዛት እጥፋቱ ላይ ስሜ ደብዝዟል። እሳቸው አዩኝና ከመጋዘን ጠንካራ የላስቲክ ማኅደር አምጥተው በውስጡ ከተቱልኝ።

ከዚያ ኮሮና መጣ።

የዚያን ጊዜዋን ጆሃንስበርግ አሁን ሳስባት በእውን የኖርኩባት አትመስለኝም። ሎክዳውን ሲታወጅ ታክሲው፣ ጥሩንባው፣ የሂልብሮው ሙዚቃ ሁሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ወፎች ከዚያ በፊትም ነበሩ ለካ! የእኛ ፋብሪካ የመድኃኒት መለጠፊያ ስለሚያትም እንዲሠራ ተፈቀደለት። እኔም ፐርሚቴን በኪሴ ይዤ ባዶውን መንገድ በእግሬ አቋርጥ ነበር። የትራፊክ መብራቱ ማንም በሌለበት ይቀላል፣ ማንም በሌለበት አረንጓዴ ይሆናል። አንክል ራሺድ የስኳር ሕመምተኛ ስለሆኑ ሐኪም ከቤት እንዳይወጡ አዘዛቸው። ሥራውን በስልክ ይመሩኝ ጀመር።

በዚያ ክረምት የሳኒታይዘር ጠርሙስ ማኅተም ታዘዝን። ሰዎች ውሃ የተቀላቀለበት ሳኒታይዘር እየተሸጠ ነው ብለው ፈርተው ነበር። ማኅተሙ በክዳኑና በአንገቱ ላይ የሚለጠፍ ሆኖ፣ የነካው ሰው ካለ «ተከፍቷል» የሚል ቃል በእንግሊዝኛ ያወጣል። ቃሉ ከቀለሙ ሥር ተደብቋል። ማኅተሙ ሲነሳ ግማሹ ቀለም ጠርሙሱ ላይ ይቀራል፣ ግማሹ አብሮ ይነሳል፤ በመካከሉ ቃሉ ይነበባል። ችግሩ ማኅተሙ የሚሠራበት የለመድነው ላስቲክ ወደብ ላይ መቅረቱ ነው። የፋብሪካው ባለቤት በምትኩ ሌላ አመጣ።

መረመርኩት። በክፍል ሙቀት ደህና ነው። ማቀዝቀዣ አስገብቼ ደህና። ፀሐይ ላይ አውዬው ደህና። ለአንክል ራሺድ ደወልኩና ስልኩ አጠገብ ላጥኩላቸው።

«እንደገና» አሉ።

ላጥኩ።

«እንደገና፣ ቀስ ብለሽ።» ደግሜ ላጥኩላቸው። «ልጄ፣ ስልኩ ድምፁን ይበላዋል። አልሰማሁትም። ጠርሙሱን ሞልተሽ ማኅተሙን ለጥፊና ሰው በሚኖርበት ቤት ትንሽ ይክረም።»

ለባለቤቱ ነገርኩት። «መኪናዎቹ በር ላይ ቆመዋል፤ ሰው እየሞተ ነው። የተጠየቀውን ፈተና አልፏል ወይስ አላለፈም?» አለኝ። አልፏል። ተጫነ።

ሐምሌ ላይ ማርቆስ ደወለ። ከኋላው የብዙ ሰው ጫጫታ ይሰማል።

«እትዬ፣ ይሄ የሳኒታይዘር ማኅተም የእናንተ አይደለም እንዴ?»

«የእኛ ነው። ምነው?»

«ጠርሙሶቹ ሁሉ ተከፍቷል ይላሉ! እኔ አልነካሁም፣ በጌታ ስም፣ አንዱንም አልነካሁም። ጎጎ ኖምሳ ገዝታ ሄዳ ይዛው ተመለሰች። መድኃኒቱን ደፍቶ ውሃ ይሞላል እያሉኝ ነው። ሱቁን ከበውታል።»

ጎጎ ኖምሳን አውቃታለሁ። ባለቤቴ በታመመ ጊዜ ገንፎ ታመጣልን የነበረች የሰፈሩ አሮጊት ናት። የልጅ ልጇ ሳምባውን ታሞ ነበርና ሳኒታይዘሩን የገዛችው ለእሱ ነው።

ወደ ባለቤቱ ቢሮ ሮጥኩ። ሰማኝና በሩን ዘጋ። «አስቴር፣ ሄደሽ ማኅተሙ ተበላሽቷል ብትዪ ውሉን እናጣለን። ውሉን ካጣን የማታውን ፈረቃ በሙሉ አሰናብታለሁ። ምናልባት የነካው እሱ ቢሆንስ?»

«የባለቤቴ ወንድም ነው።»

«ችግሩም እሱው ነው። ሰውም የሚለው እንደዚያ ነው፤ ዘመዱ ነች ይሉሻል።»

እውነቱን ነበር። ግን ሄድኩ። ከመጋዘኑ ለናሙና ካስቀረናቸው የሳኒታይዘር ጠርሙሶች አንድ የታሸገ ካርቶን ይዤ ለአንክል ራሺድ ደወልኩና ምን እንደሆነ ነገርኳቸው። «ካርቶኑን ለምን ያዝሽ?» አሉኝ። «ፊታቸው እከፍተዋለሁ፤ ቃሉ በእነዚህም ላይ ወጥቶ ያያሉ» አልኩ። ሌላ ነገር ሊሉ ነበር፣ ስልኩ ተቋረጠ።

ዛንድስፕሩት ስደርስ ማርቆስ ከብረት ፍርግርጉ ጀርባ ቆሟል፤ ፊቱ አመድ መስሏል። ውጭ ያሉት ማስካቸውን አገጫቸው ላይ ጥለው ይጮሃሉ። ቤቱን ለማቃጠል ያሰበ አንድ ጎረምሳ የቤንዚን ጀሪካን ይዞ አየሁ። «ሳውቦና» ብዬ በዙሉ ሰላምታ እየሰጠሁ ገባሁ መካከላቸው። አንዳንዶቹ አስታወሱኝ። የፋብሪካው መርማሪ ነኝ አልኩ፣ ካርቶኑን ፊታቸው ከፈትኩት።

ጠርሙሶቹ ንጹሕ ነበሩ። በአንዱም ላይ ቃል የለም።

ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ያኔ ነው። «ሃይቦ!» አለ አንዱ። «ከፋብሪካ የመጣው ደህና፣ የማይፍሬንድ ሱቅ ያለው የተከፈተ! ሌላ ምን ምስክር ትፈልጋላችሁ?» ፍርግርጉ መነቅነቅ ጀመረ። እኔ ለማዳን የመጣሁት፣ በገዛ እጄ አስፈርጄበት ቆምኩ። ማርቆስ ከውስጥ ያየኝን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም። የወቀሳ አልነበረም፤ ልጅ ሳለ እናቱ ገበያ መካከል እጁን የለቀቀችው ሰው አስተያየት ነበር።

በዚህ መካከል የአንክል ራሺድ አሮጌ ቶዮታ በአቧራው ውስጥ ብቅ አለች። ሁለት ማስክ ደርበዋል። መኪናው አጠገብ እንደቆሙ፣ ሳይቀርቡ፣ ፋብሪካ ውስጥ በለመዱት ዙሉ ቋንቋ ተናገሩ፦

«ይህንን ማኅተም የሠራን እኛ ነን። ማኅተሙ ሊዋሽ ይችላል። ይህ ልጅ ዋሽቶ ይሁን ማኅተሙ ዋሽቶ እኔ አላውቅም፤ እናንተም አታውቁም። እንወቅ።»

«እንዴት?» አለች ጎጎ ኖምሳ።

«እነዚህን ንጹሖቹን ጠርሙሶች እዚያው ሱቅ ውስጥ አስቀምጡ። ልጁ ይውጣ። ቁልፉን እናንተ ያዙ።»

ጎረምሶቹ አጉረመረሙ። ጎጎ ኖምሳ ግን ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አገላብጣ አየችና «የእኔ ቁልፍ ይሁን» አለች። ከቤቷ ትልቅ ጓጉንቸር አምጥታ ማርቆስ ሲወጣ በሩን ራሷ ቆለፈችው። ማርቆስ ከእኔ ጋር ወደ ቤሪያ መጣ። እራት አቀረብኩለት፤ አልበላም። ተንበርክከን ጸለይን።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ተመለስን። አንክል ራሺድም መጡ። ቤቱ ስትከፈት ብርዱ ከውስጥ ወጥቶ ፊታችንን ነካን። ጠርሙሶቹ መደርደሪያው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው፣ ንጹሕ። አንዱ ሳቀ። «ቆዩ» አሉ አንክል ራሺድ፤ «ቤቱ ገና አልነቃም።»

ቆየን። ሰው በር ላይ ተቀመጠ። ፀሐይ ቆርቆሮውን እየነካችው ሄደች፤ ቆርቆሮው ጠቅ፣ ጠቅ ማለት ጀመረ። የአልኮሉ ሽታ እየተነሳ መጣ። ምንም አልሆነም። ማርቆስ መሬት መሬት ያያል። እኔ ዓይኔን ከመደርደሪያው አልነቀልኩም።

መጀመሪያ ያየችው ጎጎ ኖምሳ ናት። እጇን አነሳች። በዳር ባለው ጠርሙስ አንገት ላይ፣ ሰው በብርድ መስታወት ላይ የተነፈሰ ይመስል፣ አንድ ነጣ ያለ ነገር ወጣ። ቀስ ብሎ ቅርጽ ያዘ። ፊደል ሆነ። ሌላ ፊደል ተከተለው። ከዚያ በአጠገቡ ያለው፣ ከዚያ ሌላው። ማንም ሳይነካቸው፣ በሁላችንም ዓይን ሥር፣ ጠርሙሶቹ ተራ በተራ «ተከፍቷል» አሉ። ሕልም የሚያዩ ሰዎች ሁሉ አንድ ሕልም ቢያዩ እንደዚያ ያፈጥጡ ይሆናል።

የሆነው ይህ ነው። ላስቲኩ በብርድ ይኮማተራል፣ በሙቀት ይለጠጣል። ከላላው ክዳን የሚተነው አልኮል ደግሞ ሙጫውን ያለሰልሰዋል፤ ማኅተሙም ሰው እንዳነሳው ሆኖ ይለቃል። እኔ ብርዱን ለብቻ፣ ሙቀቱን ለብቻ ፈትኜ ነበር። በዚያች ቤት ግን ሁለቱም በአንድ ቀን ውስጥ ይፈራረቃሉ። እዚያ ክረምትን አሳልፌያለሁ፤ ሰውነቴ ያውቀዋል። በመመርመሪያው ጠረጴዛ ላይ ግን አላስታወስኩትም።

አንክል ራሺድ ማስካቸው ውስጥ ሆነው «ሥራችን ነው የዋሸው» አሉ። «ይቅርታ አድርጉልን።» ጀሪካን የያዘው ጎረምሳ በጓደኞቹ ጀርባ ተንሸራትቶ ጠፋ። ጎጎ ኖምሳ ማርቆስ ፊት መጥታ ቆመችና «ማይፍሬንድ፣ ስምህ ማን ነው?» አለችው። ያን ያህል ዓመት ዳቦ ከእሱ ስትገዛ ጠይቃው አታውቅም ነበር።

«ማርቆስ።»

«ማርቆስ፣ ይቅር በለኝ። ፈርቼ ነው።»

«ይሁን፣ ጎጎ» አላት።

ውሉን አጣን። ባለቤቱ እንዳለው የማታው ፈረቃ ተሰናበተ። ከእነሱ መካከል ከእኔ ጋር ትርፍራፊ ስትሰበስብ የነበረች አንዲት ሴት መንገድ ላይ አግኝታኝ ሰላምታዬን ሳትመልስ አለፈች። እሷንም አልፈርድባትም። እኔን ያላባረረኝ የሚተካኝ ስላጣ ይመስለኛል።

ማርቆስም ሱቁን ሸጠ። ሰፈሩ ይቅርታ ጠይቆት ነበር፤ ዳቦም ከእሱ ብቻ ይገዙ ጀምረው ነበር። «እውነቱ ወጣ፣ እትዬ፣ ፍርሃቱ ግን ከሆዴ አልወጣም» አለኝ። «ጠቅ ባለ ቁጥር ቆርቆሮው ነው ወይስ ሰው እላለሁ።» አሁን ዱራሜ ነው። ባለፈው ደውሎ ዘይት ከበርሜል እየቀዳ እንደሚሸጥ ነገረኝ። «ማኅተም የለው፣ ምን የለው! ሰው የሚያየው የእኔን ፊት ነው» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሥራ ሰው ፊት ለፊት መተያየት ሲያቅተው የሚፈልገው ሥራ መሆኑን አሰብኩ። አላፈርኩበትም። በዚህ ከተማ ሁሉም ሰው ከሩቅ የመጣ ነው፤ ፊት ለማወቅ ጊዜ ይፈጃል፤ እስከዚያው የሚመሰክር ነገር ያስፈልጋል። ምስክሩ ግን እውነተኛ ይሁን።

ያንን ክረምትና የሚቀጥለውን በጋ ከአንክል ራሺድ ጋር አዲስ ማኅተም ስንሠራ ከረምን። የተደበቀውን ቃል ተውነው። በምትኩ ደካማ ወረቀት ወሰድን፤ ሲነሳ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሚፈረካከስ፣ ዙሪያውን በቢላዋ የተሰነጣጠቀ። ሙቀት አይለጥጠውም፣ ራሱን አይከፍትም፤ የሰው ጣት ከነካው ግን መልሶ የሚገጥመው የለም። ይህን ወረቀት በየሰው ቤት አከረምነው። አንዱን ካርቶን ጎጎ ኖምሳ አልጋዋ ሥር፣ አንዱን እኔ በረንዳ ላይ፣ አንዱን አንክል ራሺድ መኪናቸው ውስጥ። ሥራው ቀስ በቀስ ተመለሰ። ከተሰናበቱት ግማሾቹ ተጠሩ። ያቺ ሴት አልተጠራችም።

አንክል ራሺድ በኮሮናው ሦስተኛ ማዕበል ታመሙ። ሆስፒታል ገቡ፤ ጠያቂ አይገባም ነበር። ከጥቂት ቀናት በኋላ አረፉ። በእምነታቸው ደንብ ቶሎ ተቀበሩ፤ ሰው እንዲሰበሰብ ስላልተፈቀደ አልደረስኩም። ሌኔዢያ ቤታቸው ሄጄ ከብረቱ በር ውጭ ቆምኩ። ባለቤታቸው አንቲ ፋጢማ ከበሩ ወዲያ ቆመው ሁለታችንም ማስካችንን እያራስን ተያየን።

«አንዲት ነርስ ደውላልኝ ነበር» አሉኝ። «ሆስፒታል ሲገቡ እጅ ላይ የሚታሰር ስም የተጻፈበት የወረቀት አምባር አለ አይደል? እሱን ቀኑን ሙሉ ጫፉን በጥፍሩ ይቧጭራል አለችኝ። ግራ ገብቶት መስሏት፣ አባባ ይተዉት፣ ስምዎ ይጠፋል ብላ ተቆጣችው።»

«እሳቸውስ?»

«የኦክስጅን ጭምብሉን ገለጥ አድርጎ ‹ልጄ፣ ላወልቀው አይደለም። ጥሩ ሥራ ነው፤ ማን እንደሠራው ላውቅ ብዬ ነው› አላት።»

አንቲ ፋጢማ በሩን ያዙ። መጀመሪያ የሳቅኩት እኔ ነኝ። እሳቸውም ሳቁ። በዚያ ጸጥ ባለ ሰፈር፣ አንዳችን ከበሩ ወዲህ አንዳችን ወዲያ፣ መተቃቀፍ ተከልክለን፣ እስኪደክመን ሳቅን። ከዚያ እሳቸው ወደ ቤት ገቡ፤ እኔም የመጨረሻውን ታክሲ ለመያዝ ወደ መንገዱ ወረድኩ።